የማረፍ ትምህርት

ፀሐይ ወደ ጨው ባሕር በኩል ዘቅዝቃ፣ ከያቤሎ የመጣው የመጨረሻው አይሱዙ ጭነቱን አራግፎ፣ የገበያው አቧራ ሰክኖ ከብቱም ወደ በረቱ ከገባ በኋላ፣ በተልተሌ ከአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰማዩን ለሚመለከት ሰው፣ በምሥራቅ አድማስ አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል ብርሃን ከከዋክብቱ ተለይታ ቀስ እያለች ወደ ደቡብ ስታዘግም ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው የአየር ጎዳና በቦረና ሰማይ ላይ ያልፋልና። የከተማው ሰው ግን ለዚች ብርሃን ዐይኑን የሚያነሣላት ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ድምፅዋ አይሰማም፣ ለማንም አትቆምም፣ የዝናብ ተስፋም አትሰጥም።

በአንዱ ምሽት የሻይ ቤቲቱ ባለቤት ልጅ፣ ያን ሰሞን የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ውጤት የምትጠብቅ ወጣት፣ የታጠቡትን ብርጭቆዎች በሰፌድ ላይ እየደፋች ሳለ ቀና ብላ አየቻትና፣ «ጋሼ፣ ያንን የሚያበርረው ሰው ከየት ተነሥቶ ነው እዚያ የደረሰው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ጥያቄዋ ቀላል መስሎኝ «ከአዲስ አበባ ነዋ» ብላት፣ «እሱንማ ዐውቃለሁ፤ እኔ የጠየቅሁዎት የሰውየውን መነሻ ነው» አለችኝ። በዚያ ምሽት የሰጠኋት መልስ የተዝረከረከ ነበር፤ ቤት ገብቼ ሳወጣ ሳወርደው ያደርሁትን ነው እዚህ አሰናድቼ የማቀርበው።

ስለ አውሮፕላን አብራሪ ስናስብ በልቡናችን የሚሣለው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ በትከሻው ላይ አራት የወርቅ መሥመር የደረደረ፣ ባለጎማ ሻንጣውን እየጎተተ በቦሌ አዳራሽ የሚያልፍ፣ ዛሬ በቤጂንግ ነገ በዋሽንግተን የሚያድር ሰው ነው። ይህ ሥዕል ሐሰት ባይሆንም የመጽሐፉ የመጨረሻ ቅጠል ነው፤ የመጀመሪያው ቅጠል የሚገለጠው በትንሽ አውሮፕላን፣ በአጭር ጎዳና፣ ስሟ ከአገር ውጭ በማይታወቅ አነስተኛ ጣቢያ ነው። ሰውን አብራሪ የሚያሰኘው፣ እኔ እንደማምነው፣ ከመብረሩ ይልቅ ማረፉ ነውና።

ቋንቋችን በዚህ ቃል ላይ ያደረገው ነገር ዘወትር ያስደንቀኛል። ከድካሙ ጋብ ያለ ሰው ዐረፈ ይባላል፤ ከዚህ ዓለም የተለየም ዐረፈ ይባላል፤ ከሰማይ የወረደ አውሮፕላንም ዐረፈ ይባላል። ቃሉን ከሁለቱ ወስዶ ለሦስተኛው ያዋሰው ሰው፣ መንኰራኵሩ መሬት እስኪነካ ድረስ ከሁለቱ የትኛው እንደሚደርሰው እየተጠራጠረ በወንበሩ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ ሳይሆን አይቀርም።

ሒሳቡን እንመልከት። ወደ ቤጂንግ የሚሄድ ትልቅ አውሮፕላን 10 ሰዓት ያህል በርሮ የሚያርፈው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያም ሰዓት አብዛኛውን መሪውን የሚይዘው አውቶፓይለት የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ያችን አንዲት ማረፍ ደግሞ ካፒቴኑና ረዳቱ ተራ ይገቡባታል እንጂ ለሁለቱም አትዳረስም። በአንጻሩ ጠዋት ከቦሌ ተነሥቶ ባሕር ዳርንና ጎንደርን የጎበኘ፣ ተመልሶ ነዳጅ ቀድቶ ደግሞ ወደ ላሊበላና ወደ አክሱም የሚወጣ ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ቀኑ ሳይመሽ አራት ወይም ስድስት ጊዜ መሬት ይነካል። የመጀመሪያው አብራሪ ብዙ ሰዓት ይሰበስባል፤ ሁለተኛው ግን እጁን ያሠለጥናል። ወጣት ረዳት አብራሪ በአገር ውስጥ መሥመር ላይ፣ በተለይም በሰሜኑ ተራራ መካከል፣ ሥራውን የመጀመሩ ምሥጢር ይህ ነው፤ እንደ ዝቅተኛ ዕጣ የሚቈጥሩት ሰዎች ግን ዛሬም አልጠፉም።

የእኛ የደቡብ ቆላ ሰው ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀበት ታሪክ ከማረፍ አልጀመረም። አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጥታ ስታርፍ ተቀብላ፣ በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የአብራሪነት ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆነው፣ ጥቂት ቆይቶም ሙሉእመቤት እምሩ የተባለች ልጃገረድ በረራ ተምራ ሳለ፣ ወደዚህ ወደ ቆላው የመጡት አውሮፕላኖች ግን ሳያርፉ የሚመለሱ ነበሩ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በዶሎ ግንባር፣ በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ በተባለው ሥፍራ፣ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ቁስለኞች ያክም የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር የጣልያን አውሮፕላኖች በቦምብ ደበደቡት፤ በጥር ወር ነገሌ ራስዋ በግራዚያኒ ጦር እጅ ወደቀች። የዚያን ዘመን ሰው የሞተር ድምፅ ሲሰማ ወደ ቍጥቋጦ መሮጥን ለልጆቹ ቢያስተምር የሚፈረድበት አይደለም።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ በእጁ የነበሩት አውሮፕላኖች ከዓለም ጦርነት የተረፉ፣ ሲ-47 የሚባሉ የዳግላስ ሥሪቶች ነበሩ፤ ሕዝቡ በኋላ ዲ.ሲ.-3 ብሎ የለመዳቸው እነዚሁ ናቸው። ወንበሩ ለወታደር የተሠራ አግዳሚ ሆኖ በግራና በቀኝ ግድግዳ የተዘረጋ በመሆኑ፣ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው ሲቀመጡ በመካከላቸው ጭነት በገመድ ታስሮ ይሄድ ነበር። ዲ.ሲ.-3 በምድር ላይ ሲቆም ጅራቱን በትንሽ ጎማ ላይ ጥሎ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ስለሚያቀና፣ በኋለኛው በር የገባ ሰው ወደ ወንበሩ የሚደርሰው ዳገት ወጥቶ ነው። ይህ አውሮፕላን አስፋልት አይጠይቅም፤ ሣር ይበቃዋል። መኪና በክረምት ጭቃ ሳምንት የሚፈጅበትን መንገድ በሰዓት እየጨረሰ፣ ፖስታና መድኃኒት፣ ቡናና ቆዳ፣ ሹምና ነፍሰ ጡር ሴት ያመላለሰ እርሱ ነው፤ ነገሌ ቦረናም ከሚያርፍባቸው ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። በሜዳው ላይ ከብት ተሰማርቶ እንደሆነ አብራሪው አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ አልፎ ይበትነዋል፣ ዞሮም በሁለተኛው ያርፋል፤ እረኛው በዚያ ሰዓት የመቆጣጠሪያ ማማ ኀላፊ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በእነዚያ አውሮፕላኖች የግራ ወንበር ላይ መጀመሪያ የሚቀመጡት አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1949 ዓ.ም. ዲ.ሲ.-3ን በካፒቴንነት ሲያዝ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽም የአብራሪዎች ማሠልጠኛ በዚሁ አገር ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የትንሹ አውሮፕላን ስም ብቻ ነው የተለወጠው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ትዊን ኦተር፣ በ1988 ዓ.ም. ፎከር 50፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ የአገር ውስጡን መሥመር የተሸከመው ኪው-400 መጣ።

ታዲያ ሰውየው ከየት ጀመረ? ለዚህ ከአብነት ትምህርት ቤት የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁለትም። በዚያ ፊደል ያልቈጠረ ንባብ አይገባም፣ ዳዊት ያልደገመ ዜማ ቤት አይቀመጥም፣ ቅኔ ቤት የሚዘልቀውም ከዚያ በኋላ ነው፤ መምህሩ ቢያፈቅረው እንኳ ደቀ መዝሙሩን ደረጃ አያዘልለውም። የአብራሪም ሥርዓት እንዲሁ ነው። ፊደሉ በምድር ላይ፣ በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ነው፤ ክንፍ አየርን ከፍሎ እንዴት እንደሚያነሣ፣ ደመና እንዴት እንደሚወለድና የትኛው ደመና በሆዱ ነጐድጓድ እንደያዘ፣ አቅጣጫ በነፋስ ሲገፋ እንዴት እንደሚታረም፣ የአየር ሕግ ምን እንደሚል፣ ሞተር ምን በልቶ ምን እንደሚተፋ ወራት ፈጅቶ ይማሩታል። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ እዚህ ላይ ነው ብድሩን የሚመልሰው።

ንባቡ ሴስና 172ን በመሰለ፣ ሁለት ወይም አራት ሰው በሚይዝ አውሮፕላን ላይ ነው። ተማሪው ከአስተማሪው ጎን ተቀምጦ እየተነሣ እያረፈ፣ እየተነሣ እያረፈ፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ መንደርደሪያ ዙሪያ ይሽከረከራል። ከዕለታት አንድ ቀን አስተማሪው ሳይናገር በሩን ከፍቶ ይወርድና፣ «በል፣ ብቻህን አንድ ዙር» ይለዋል። ሶሎ የሚባለው ይህ ነው። ወጣቱ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታወቀው ፍርሃት አይደለም፤ የአንድ ሰው ክብደት የጎደለባት አውሮፕላን ከለመደው ይልቅ ፈጥና ወደ ላይ መውጣቷ ነው። ወደ ቀኝ ዘወር ሲል ባዶ ወንበር ያያል። ያን ጊዜ የሚያርፍለት ሌላ ሰው የለውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ክፍል ለሰው ባሕርይ እጅግ የከበደ ነው ይባላል። በደመና ውስጥ የገባ ሰው አድማስ ሲጠፋበት፣ በጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ ይዋሸዋል፤ ቀጥ ብሎ እየሄደ የተጋደለ፣ ተጋድሎ እየወረደ ቀጥ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ተማሪው የመስኮቱ ብርሃን ተከልሎበት፣ ሰውነቱ የሚነግረውን ንቆ በፊቱ የተደረደሩት መሣሪያዎች የሚያሳዩትን ማመን እስኪችል ድረስ ይለማመዳል። የሥጋን ምስክርነት መካድ በገዳም ብቻ የሚፈለግ ምግባር ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሲሙሌተር አለ፤ አውሮፕላኑን በሙሉ መስሎ በሃይድሮሊክ እግር ላይ የቆመ፣ ከአዳራሽ የማይወጣ ሣጥን። በዚህ ውስጥ አሠልጣኙ ሞተር ያጠፋል፣ እሳት ያስነሣል፣ መንደርደሪያውን በጉም ይሸፍናል፤ ተማሪውም እንደ ቅኔ ተቀኚ ከዚህ በፊት ባልሰማው ነገር ላይ በቆመበት መፍጠር ይጠበቅበታል፣ ልዩነቱ ቅኔው ሲሰበር የሚስቅ ጉባኤ አለመኖሩ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ልክ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የተወሰነ ሲሆን፣ በእኛ አገር ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ለደመወዝ ለማብረር የሚያበቃው የንግድ በረራ ፈቃድ 18 ዓመት የሞላውና 200 ሰዓት፣ በተፈቀደ ማሠልጠኛ የተማረ ከሆነም 150 ሰዓት የበረረ ሰው ይሻል፤ ካፒቴን ለመሆን የሚያስፈልገው ከፍተኛው ፈቃድ ደግሞ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት። በሁለቱ ቍጥር መካከል ያለው ርቀት ነው እንግዲህ በትንሹ አውሮፕላን የቀኝ ወንበር ላይ የሚታለፈው።

ያ የቀኝ ወንበር ምን ይመስላል? ገና ጎሕ ሳይቀድ በቦሌ፣ ወጣቱ ረዳት አብራሪ አንጸባራቂ ሰደርያውን ደርቦ፣ የእጅ ባትሪውን ይዞ አውሮፕላኑን ይዞራል። ጎማው የተላጠ እንዳይሆን ይዳብሳል፤ ከሞተሩ ሥር ዘይት ተንጠባጥቦ እንዳይሆን ጎንበስ ብሎ ያያል፤ የሁለቱንም ፕሮፔለሮች ስድስት ስድስት ምላስ ጫፍ አንድ በአንድ ይመለከታል፤ ፍጥነትን የሚለካው ቀጭን ቱቦ መሸፈኛው መነሣቱን ያረጋግጣል። ከዚያ ገብቶ ሒሳብ ይሠራል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ለክንፍም ለሞተርም ረኃብ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መንደርደር፣ ለማረፍም በበለጠ ፍጥነት መምጣት ግድ ይሆንበታል። በቆላው ደግሞ ከፍታው ቢቀንስ ሙቀቱ ያንኑ ያደርጋል። የሰሜኑ ጣቢያዎች፣ ጎንደርም ላሊበላም አክሱምም፣ ሁሉም ወደ 2,000 ሜትር ግድም የተቀመጡ ናቸው፤ በላሊበላ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከተማዋ ከተሰቀለችበት ተራራ ግርጌ፣ በሜዳው ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ እዚያ የሚቆለለውን ደመና በመጽሐፍ ማስተማር አይቻልም።

በኮክፒት ውስጥ ካፒቴኑ በግራ፣ ረዳቱ በቀኝ ይቀመጣሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ፊት ለፊት ቆመው እንደሚቀባበሉ፣ እነዚህም ቼክሊስት የተባለውን መዝገብ አንዱ እየመራ ሌላው እየተቀበለ ይወርዱታል፤ እዚህ ግን ክብሩ በግራ በኩል መሆኑ ሊቃውንቱን ቅር ሳያሰኛቸው አይቀርም። አንዱ ሲያበርር ሌላው ራዲዮውን ይናገራል፣ መሣሪያውንም ይከታተላል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ይለዋወጣሉ። ረዳት አብራሪ ተሸካሚ አይደለም፤ ሲያርፍ ራሱ ነው የሚያሳርፈው። የኪው-400 ሰውነት ረጅም ስለሆነ፣ አብራሪው ለስላሳ አድርጎ ለማሳረፍ ብሎ አፍንጫውን ከልክ በላይ ያቀና እንደሆነ ጅራቱ ከጎማው ጋር እኩል መሬት ይመታል። ስለዚህ ተሳፋሪው «ምነው ዛሬ ጠበቅ አድርጎ አወረደን» ብሎ የሚያማው ማረፍ፣ ብዙ ጊዜ በትክክል የታረፈው ማረፍ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እኔ ማማቱን ትቻለሁ።

አምሳለ ጓሉ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአርክቴክቸር ከተመረቀች በኋላ ይህንኑ መንገድ የያዘች ናት። በፎከር 50 የቀኝ ወንበር ጀምራ፣ በትልልቆቹ ቦይንጎችም ላይ በረዳትነት ስምንት ዓመት ያህል ከሠራች በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2003 ዓ.ም. በአየር መንገዱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆና የግራውን ወንበር ስትይዝ፣ የተሰጣት አውሮፕላን ቦይንግ አልነበረም፤ ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም የሚሄደው ኪው-400 ነበር። ከትልቁ ወደ ትንሹ መመለሷ ውርደት ይመስል ይሆናል ለማያውቅ ሰው፤ ሥልጣን ግን የሚጀመረው በብዙ ማረፍ ላይ ነው። ስምንት ዓመት መጠበቅ ለቦረና ጆሮ እንግዳ ቍጥር አይደለም፤ በገዳ ሥርዓት ሰው ከዳበሌ ወደ ጋሜ፣ ከጋሜ ወደ ኩሳ እያለ በየስምንት ዓመቱ መዓርግ ይወጣል፣ አባ ገዳም በትሩን የሚይዘው ለስምንት ዓመት ብቻ ነው። ለሻይ ቤቲቱ ልጅ ይህን ስነግራት «እናስ፣ ስምንት ዓመት ምን አላት» ብላ እንደምታልፈው ዐውቃለሁ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ይደነግጥ ይሆናል።

ኪው-400ም ሆነ ትዊን ኦተር የተሠሩት በቶሮንቶ ነው። በካናዳ ሰሜን፣ ሐይቁ ለወራት በረዶ ሆኖ መንገድ በማይገባበት አገር፣ እነዚህና እነዚህን የመሰሉ አውሮፕላኖች ለመንደሮቹ የሕይወት ገመድ ናቸው፤ ቡፋሎ ኤርዌይስ የተባለው የዚያ አገር አነስተኛ አየር መንገድ እኛ በሙዚየም የምንፈልገውን ዲ.ሲ.-3 በዚህ ዘመንም ሲያበርር ታይቷል። በዚያ አካባቢ አዲስ አብራሪ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ ቢመጣም መሪ አይሰጡትም፤ መጀመሪያ ጭነት ይሸከማል፣ በረዶ ይጠርጋል፣ በርሜል ያንከባልላል፣ እንዲህ ሲል አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ ነው ወደ ቀኝ ወንበር የሚጠራው። ልማዱን ጭካኔ የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ጭነቱን በገዛ ትከሻው ያወቀ አብራሪ ክብደት ሲያሰላ እንደማይዋሽ ይሰማኛል። በእኛም አገር ከአየር መንገዱ ውጭ የሚጀምሩ አሉ፤ በ2012 ዓ.ም. የአንበጣው መንጋ የቦረናን ሣር ሲያወድም በዝቅታ እየበረሩ መድኃኒት የረጩት አብራሪዎች የሠሩት ሥራ፣ ከማናቸውም የመንገደኛ በረራ ይልቅ እጅ የሚፈትን ነው።

ሰዓት መቍጠር ብቻውን ሚዛን እንደማይሆን ሁለት መራራ ነገሮች ያሳያሉ። የካቲት 5 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ አጠገብ፣ ኮልጋን የተባለ አነስተኛ አየር መንገድ ኪው-400 ወድቆ 50 ሰው ሞተ፤ የአገሩ ምክር ቤትም ረዳት አብራሪም በመሠረቱ 1,500 ሰዓት ይኑረው የሚል ሕግ እንዲወጣ አደረገ። የሚገርመው ግን በዚያ ኮክፒት የነበሩት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ያላቸው መሆናቸው ነው፤ መርማሪዎቹ ድካምንና የሥልጠና ጉድለትንም አንሥተው ነበር፤ ረዳቷ ሌሊቱን አገር አቋርጣ መጥታ ለሥራ የገባች፣ ደመወዟም ትንሽ የሆነ ወጣት ነበረች። ሁለተኛው የእኛው ኀዘን ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከ157 ሰዎች ጋር ወድቆ ሲጠፋ፣ ከባሕር ማዶ አንዳንድ ሰዎች የረዳት አብራሪውን 361 ሰዓት እያነሡ ጣታቸውን ወደ ኮክፒቱ ቀሰሩ፤ በግራው ወንበር ግን ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ነበር፣ አፍንጫውንም ደጋግሞ ወደ ምድር የደፋው ከተሳሳተ መለኪያ መረጃ የተቀበለው የአውሮፕላኑ ሥርዓት እንደሆነ ምርመራው ገልጿል። የአብራሪን ሰዓት መቍጠር ለሩቅ ተመልካች እጅግ ይቀላል።

ሰማዩም የራሱ ነዋሪዎች አሉት። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 በርግብ መንጋ መካከል ገብቶ፣ ወፎቹ በሁለቱም ሞተሮች ተውጠው፣ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ርግቦቹ በየቤታችን ጣራ የምናውቃቸው ዐይነት ናቸው። በአነስተኛ ጣቢያ የሚሠራ አብራሪ ከመነሣቱ በፊት ስለ ወፍና ስለ ከብት፣ ስለ አጥሩም ቀዳዳ የሚጠይቀው ለወሬ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ልጅቱ ልመለስ። በማግሥቱ ሻይዬን ይዤ ስቀመጥ ያሰናዳሁትን ነገርኋት፤ በራስ ገንዘብ በግል ማሠልጠኛ ለመማር ወጪው ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ መሆኑን፣ በአየር መንገዱ ወጪ የሚማር ግን ማስታወቂያ ሲወጣ ተወዳድሮ እንደሚገባና ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ውል እንደሚፈርም፣ ፈተናውም ሒሳብና ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ የእጅና የዐይን ቅልጥፍና፣ በመጨረሻም የሐኪም ምርመራ መሆኑን። እንግሊዝኛው የዓለም የአየር ሕግ የሚጠይቀው በመሆኑ የሚታለፍ አይደለም፤ አብራሪው ከናይሮቢ ማማ ጋር የሚነጋገረው በእርሱ ነው። እርስዋ በአማርኛና በኦሮምኛ መካከል በምታገለግልበት ሻይ ቤት ሦስተኛ ቋንቋ መጨመር ያን ያህል አላስፈራትም። ያስጨነቃት የሐኪሙ ነገር ነው።

«ዐይን ያያሉ እንዴ?» አለችኝ።

ያያሉ አልኋት፤ መነጽር ማድረግ እንደማይከለከል፣ ቀለም ለይቶ ማወቅ ግን እንደሚፈለግ፣ የአውሮፕላን ጣቢያው መብራት ነጭና ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየሆነ ለአብራሪ ስለሚናገር።

መሐረቧን በትከሻዋ ላይ ጥላ ወደ ደጃፉ ወጣች። የግራ ዐይኗን በመዳፏ ሸፍና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሱቅ ሰሌዳ ጮክ ብላ አነበበች፣ ቀጥላም እጅዋን ለውጣ በሌላው ዐይን ደገመችው፤ «የእህልና የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር» የሚለውን ትልቁን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ በቀጭኑ የተጻፈውን የሠዓሊውን ስልክ ቍጥር እስከ መጨረሻው። ከዚያ በሱቁ በር ላይ የተንጠለጠሉትን የጨሌ ክሮች በጣቷ እየጠቆመች «ቀይ፣ ቢጫ፣ ያ አረንጓዴ ነው፣ ያኛው ደግሞ ሰማያዊ» ስትል፣ ባለሱቁ ገዢ የመጣች መስሎት የሰማያዊውን ክር ከምስማሩ አውርዶ በእጁ ዘረጋላት።